እንደ አስፈላጊነቱ

ሸዋ በር ነው ሱቄ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ በሙያ፤
በአርባ አንድ ዓመቴ ወጣልኝ ለሕመሜ መጠሪያ።
እስከዚያ «ልቡ የት ነው?» ነበረ የኔ ስሜ፤
ላንድ ኮት ሦስት እጅጌ ሰፍቻለሁ፣ ያውም ደጋግሜ።

ዶክተሯ ማዘዣው ላይ «ጠዋት ጠዋት አንድ» አለች፤
ብዕሯን ሳታነሳ፣ እንደ ማሰብ ብላ ቆየች፤
«ወይም እንደ አስፈላጊነቱ። ሞክረው፤ ከወር በኋላ እንነጋገር።»
ይህችን ኋለኛዋን ቃል ይዤ ተመለስኩ ሸዋ በር።
ቁራጭ ጨርቅ እንኳ አልጥልም፤ ክኒንስ በከንቱ ለምን ይባክናል?
ሐኪም የፈቀደው ቁጠባ ከየት ይገኛል?

ስለዚህ ቅድ ላለበት ቀን ብቻ አደረግኩት።
ስፌት ቢጣመም ይፈታል፤ መቀስ ግን ይቅርታ አያውቅም፤
አንዴ የገባበትን ሱፍ ማንም መልሶ አያጋጥምም።
ማለዳ በሻይ እውጣታለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይደፈን በሙሉ፣
ጉም ከጦሳ ወገብ ሲነሳ ደሴ እንደምትገለጥ ሁሉ፣
መጀመሪያ ቆርቆሮው፣ ቀጥሎ ሚናራው፣ ከዚያ የደወል ቤቱ፣
እንዲያው በየቦታቸው ጠመኔው፣ ሜትሩ፣ ትከሻው፣ ደረቱ።

ምሳ ግን ገለባ ይሆናል። ማፏጨቴም ድርግም ይላል፤
የኋላሸት፣ ተለማማጄ፣ ከበሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል፤
ዝም ካልኩ «ዛሬ ቅድ ነው» ብሎ ጠረጴዛውን ይጠርጋል።

በስፌት ቀን አፏጫለሁ፣ እጅጌ እረሳለሁ፣ ሰው አስቃለሁ፣
የጀመርኩትን ትቼ ያልጀመርኩትን እጀምራለሁ፤
ይህም እኔ ነኝ እላለሁ።

ወንድሜ ሙሄ ነጂ ነው፣ ኮምቦልቻ ደሴ የሚመላለስ።
«ልክ ነህ» አለኝ፤ «ሐረጎ ላይ፣ ጉም ሳይኖር፣ በጠራራ ፀሐይ
የጉም መብራት አብርቶ የሚወርድ ሰው አይተሃል ወይ?»
አላየሁም። በዚህ ተስማማን።

ጦይባ ግን ብልቃጡን ጨርቅ ላይ ዘርግፋ ቆጠረች አንድ ማታ፤
ቆጥራም አልጮኸችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ተረጋግታ፦
«ለሰው ኮት ትውጣለህ። እዚህ ስትደርስ ኃይሉ አልቋል፣
ወይ ጭራሽ አልዋጥክም፤ እኛ ዘንድ ቅድ የለም መስሎሃል።
ሂክማ ትናንት ስለ ጥርሷ ስትነግርህ ሦስቴ ‹እሺ› አልካት።
የቱ ጥርሷ ነው የወለቀው?»
ዝም አልኩ።
«ወረቀቱ ‹አስፈላጊ› ሲል፣ አስፈላጊው ማነው ማለት ነው?»

ያን ሌሊት ጋደም ብዬ የሙሄን መብራት አሰብኩት።
ጉም ውስጥ የሚኖር ሰው፣ ጉሙን በምን ዓይኑ ይለየዋል?
መቼ እንደሚያስፈልገኝ ለማወቅ፣ ያው የሚጎድለኝ ያስፈልገኛል።

አንድ ወር በየቀኑ ዋጥኩ፣ እሑድም ሳይቀር፣ ዓርብም።
አምፖሉ ተቀየረ፤ የቤት ኪራይ አልዘገየም፤
ጥርሷ የታች ግራ ነው፣ ከፊት ሁለተኛው፤ አሁን አውቃለሁ።
ጦይባ ስታወራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማኋት፤
የቀልዶቿን መጨረሻ ገና ያኔ ደረስኩበት።
ግን እንቅልፌ ሳሳ። ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ገባ፤
የደንበኛ ሱሪ እንጂ የራሴን አጥብቤ አላውቅም ነበር።
ሂክማም አንድ ቀን ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ፣ አፌን እያየች፣
«አባዬ፣ ፉጨትህም ወለቀ?» አለች።

ሐሙስ ይህን ሁሉ ለዶክተሯ ነገርኳት። ጽፋ፣ ጽፋ፣
«ሌላውን ቀን አታጉድል» አለች፣ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ፤
«እሑድን ግን እቤት ተነጋገሩበት።»

እሑድ ጠዋት ብልቃጡን ከፍቼ፣ ክኒኗን እንደ ሸሚዝ ቁልፍ
መዳፌ ላይ እያገላበጥኩ፣ «ዛሬ ምን አለ?» ብዬ ቤቱን ጠየቅኩት።
«ሆጤ እንሄዳለን» አለች ጦይባ።
«ዛሬ ጥርሴ አይወልቅም» አለች ሂክማ፣ በጣቷ እየነካካችው።
ክኒኗን መለስኳት።
ክዳኑን ግን እስካሁን እየፈለግኩት ነው፣ እያፏጨሁ።